የሰጋቱራው አውፍታ

በሰፈራችን ሲወራ የምሰማው እንዲህ ነው። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ሽማግሌ ይዞ ደጄ ድረስ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ጓሮውንም በደግነቱ ተወልኝ። ይህን ከሚያወሩት አብዛኞቹ በዚያ ቀን አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ነበርኩ ስል ግን የሆነው ሁሉ ገብቶኛል ማለቴ አይደለም። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ይበዛል። “በደግነቱ” የምትለውን ቃል ግን ዝም ብዬ አላሳልፋትም።

ግቢው የአማቴ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሁለቱ ወንድማማቾች በቃል ተካፈሉት፤ ወደ አስፋልቱ ያለው ለታናሹ፣ ወደ መስኖው ቦይ ያለው ለባሌ። ወረቀት አልተጻፈም። ወንድማማቾች ናቸው፣ ወረቀት ለምን ያስፈልጋቸዋል ተባለ። ታናሹ በድርሻው ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የሬሳ ሳጥን ሳይቀር ይሠራል። መሰንጠቂያው ማሽን ጠዋት መጮህ ከጀመረ መብራት ካልሄደ በቀር አያርፍም። እኛ በድርሻችን ማንጎና ፓፓያ ተከልን። እኔ ቀን አስተማሪ ነበርኩ፤ ጠመኔዬን ካራገፍኩ በኋላ ጓሮ እገባለሁ።

በመሃላችን ያለው አጥር አሮጌ ቆርቆሮ ነው። በዚያ ቆርቆሮ ላይ፣ ባሌ በሕይወት እያለም ሆነ ከሞተ በኋላ፣ የማይወረወርብኝ ነገር አልነበረም፤ ሰጋቱራ፣ ከመላጊያው የሚወጣ እንደ ወረቀት የተጠቀለለ ልጣጭ፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ ለማገዶ የማይሆን ቁርጥራጭ። ባሌ “ተይው፣ ወንድሜ ነው” ይላል። አንድ ቀን ግን አልተውኩትም፤ ሥራ ቤቱ ድረስ ሄጄ “ግቢዬን የቆሻሻ ገንዳ አደረግኸው” አልኩት።

“እትዬ፣ እንጨት ቆሻሻ ነው እንዴ?” አለኝ ከማሽኑ ሳይነሳ። “ለነገሩ አይፈረድብዎትም። የአሊዩ አምባ ሰው ድንጋይ ሲክብ ነው ያደገው፣ እንጨት የት ያውቃል።”

የትውልድ አገሬን ሲጠራ ሠራተኞቹ ሳቁ። የሳቁት እነማን እንደነበሩ፣ አንገቱን የደፋው የትኛው እንደሆነም አስታውሳለሁ።

ባሌ የሞተበትን ጊዜ እዚህ አልጽፍም። የዋርሳዬ ሚስት ለቅሶው ላይ ያለችውንም አላሰፍርም። እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እጽፋለሁ። ውሃውን በየተራ የሚያዳርሱት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የምንላቸው፣ ተራዬን እያራቁ ሄዱ። ምነው ስላቸው “ወንድ በሌለበት ግቢ ሌሊት ማን ውሃ ያዞራል?” አሉኝ። እንግዲያው ቀን ይስጡኝ ብላቸው “ቀን ለሽንኩርት ነው” አሉ። ሽንኩርቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አውቀው ነበር። የአገራችን የሮቢት ፀሐይ ደግሞ የማንንም ተራ አትጠብቅም። ፓፓያዎቹ አንድ በአንድ ከአናታቸው ደረቁ። ማንጎዎቹ ቅጠላቸውን ያለወቅቱ አራገፉ።

ይሄኔ ነው ዋርሳዬ በሽማግሌ ፊት ያስቀመጠኝ። ቦታው ደርቋል አለ፤ ጦም ከሚያድር ጣውላ ላስቀምጥበት አለ፤ እትዬ ከቤታቸው አይነሱም፣ ጓሮውን ብቻ አለ። ከመስጊዱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሐጂ፣ ግራና ቀኙን ሰምተው ፈረዱ፤ “ረመዳን ሲገባ እናየዋለን። ለምልሞ ካገኘነው የሷ ነው። ደርቆ ካገኘነው ጣውላው ይግባበት።” የውሃ አባትም ከጎናቸው ሆነው አጸደቁ። እኔ ምን ልበል? ውሃ የከለከሉኝ ሰው የልምላሜዬ ዳኛ ሆኑ። ልምላሜ በምን እንደሚለካም ማንም አልተናገረም። ስንቱ ዛፍ ነው? ቅጠሉ ነው ፍሬው? ጠይቄ ቢሆን ኖሮ “አስተማሪ ናት” ይሉኝ ነበር።

ያን ሰሞን ነው አጥሩ ሥር የተቆለለውን እንጨት ለማንሳት የወረድኩት። እልህ ነበር የያዘኝ። ጓሮዬ ከሄደም ቆሻሻውን ሰብስቤ ደጁ ላይ ልደፋበት ነበር ሐሳቤ። ከላይ ያለው ልጣጭ እንደ አጥንት ደርቋል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ጠቆረ። ከሥሩ ያለውን መሬት በእጄ ብነካው እርጥብ ነው። ከቦይ ርቆ፣ ማንም ሳያጠጣው፣ ጓሮው ሁሉ በተሰነጠቀበት ወር እርጥብ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የተወረወረብኝን ነገር ሳልመረምረው መኖሬ አናደደኝ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ልጣጩንና ቅርፊቱን በየማንጎው ሥር፣ ግንዱን ሳላስነካ፣ ጎዘጎዝኩት። ከቀበሌ የምትመጣው የግብርና ባለሙያ አይታ ጉዝጓዙ ደግ ነው አለች፤ ሰጋቱራውን ግን ብቻውን መሬት ላይ እንዳልደፋ አስጠነቀቀችኝ። ጥሬ ሰጋቱራ ሲበሰብስ የአፈሩን ምግብ ይሻማል። ከፍግ፣ ከፍየል በጠጥና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተገላበጠ መክረም አለበት። እንዳለችኝ ከመርኩት። የዕቃ ማጠቢያዬን ውሃ ሳይቀር ሰጠሁት።

ጥር ላይ፣ ቆላውም ጠዋት ጠዋት ትንሽ በሚበርድበት ወር፣ ክምሩ ውስጡ ሞቆ መጤስ ጀመረ። ጢስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። ዋርሳዬ በአጥሩ ሲያይ ግን እሳት መሰለው። “እሳት! ኧረ እሳት! ጣውላዬን!” እያለ የውሃ በርሜሉን ከሠራተኞቹ ጋር አንስቶ በቆርቆሮው ላይ ገለበጠው። ውሃው በሙሉ ክምሬ ላይ ፈሰሰ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አልኩት።

“ቤት ሊያቃጥሉብኝ ነው እንዴ እትዬ?”

“እንጨት ሲበሰብስ ይሞቃል። እጅህን አስገብተህ እየው።”

“እኔ እጄን የትም አላስገባም” አለና ሄደ። ክምሩ ያን ቀን ውሃ ጠምቶት ነበር። ሊያጠፋብኝ የመጣ ሰው አጠጣልኝ። ልረግመው ወይስ ላመሰግነው ግራ ገብቶኝ ዋልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መወርወሩ ቆመ። ለዓመታት ስለምነው ያልቆመ ነገር፣ በፈለግኩት ጊዜ ቆመ። በአጥሩ ላይ አንዲት ቅርፊት አትመጣም። ለሠራተኞቹ “ምስጥ ታራባብናለች፣ እንጨት እንዳትሰጧት” ማለቱን ሰማሁ። የምስጡ ነገር ከመሬት የተነሳ ወሬ አልነበረም፤ እኔም ግንዱን ሳላስነካ የምጎዘጉዘው እሱን ፈርቼ ነው። ግን ምስጥ የታየው ለምን ዘንድሮ ብቻ ነው?

ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት በሬን ስከፍት ሁለት ጆንያ ሙሉ ሰጋቱራ ተደግፎ ቆሟል። ደቃቅ፣ ጠቆር ያለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። በሳምንቱ ሐሙስም እንደዚያው። ዓርብ ሥራ ቤቱ ስለሚዘጋ ሐሙስ ነው የሚጠርጉት፤ ስለዚህ ከዚያ ቤት ለመምጣቱ አልተጠራጠርኩም። ያልገባኝ ለምን እንደመጣ ነው። ተጸጽቶ ይሆን? አፍሮ ይሆን? ባሌ ሲሞት አደራ ብሎት ይሆን? ላመሰግነው አንድ ጊዜ እስከ አስፋልቱ ሄጄ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ስላየኋት ተመለስኩ።

ክምሩ ሞልቶ ስለነበር ያን ሰጋቱራ በፓፓያዎቹ ቦታ በተከልኩት የቃሪያ ችግኝ ላይ ወፈር አድርጌ በተንኩት። ባለሙያዋ የነገረችኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ለላይ ለላዩ ጉዝጓዝ ምን ይለዋል ብዬ ነው። ቃሪያው ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል፣ ቀጥሎ ሁሉም። ረመዳን ደጅ ላይ ደርሷል፣ ሽማግሌዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ፣ መደቡ በሙሉ ቢጫ!

ባለሙያዋ ሰጋቱራውን በመዳፏ አሸችው፣ አሸተተችው። “እትዬ፣ ይሄ ከቺፑድ የወጣ ሳይሆን አይቀርም” አለች። ቺፑድ በሙጫ የተጣበቀው ሰሌዳ ነው። “ሙጫው ጎድቶት ይሆናል። ወይም ደግሞ ጥሬ ስለሆነ ብቻ ይሆናል።”

“የቱ ነው?”

“እኔ እንጃ።”

እኔ እንጃ! እኔ ግን ያን ቀን አወቅኩ። ወይም ያወቅኩ መሰለኝ። ጥሩውን ሲወረውርብኝ ኖሮ ስፈልገው ከለከለኝ፤ ከዚያ መርዙን በጆንያ ሞልቶ በር ላይ አቆመልኝ። ሰው እንዲህ ያስባል ወይ? በወንድሙ ግቢ ላይ ዓመታት የወረወረ ሰው ያስባል አልኩ። ሰጋቱራውን ከመደቡ ጠርጌ አወጣሁና ከክምሩ የበሰለውን ጥቁር አፈር አለበስኩት። ማንጎዎቹ ግን በጉዝጓዙ ውስጥ ሆነው ቀይ ለጋ ቅጠል ማውጣት ጀምረው ነበር። ግማሹ ጓሮ ለምልሟል፣ ግማሹ ታሟል። ይህ ለሐጂ ምን ተብሎ ይነገራል?

የሸዕባን የመጨረሻ ቀን፣ የረመዳን ዋዜማ፣ ከአስር ሶላት በኋላ መጡ፤ ሐጂ፣ የውሃ አባትና ዋርሳዬ። ማንጎው ሥር በርጩማ አወጣሁላቸው። ሐጂ ጉዝጓዙን በምርኩዛቸው ገለጥ አድርገው አዩት። የውሃ አባት ዓይናቸውን ቃሪያው ላይ ተክለዋል። ገና ማንም ስለ ጓሮው ሳይናገር ዋርሳዬ ብድግ አለና አንገቱን ደፋ።

“እትዬ፣ ረመዳን ገባ። አውፍ ይበሉኝ።”

እኛ ዘንድ ጾም ሊገባ ሲል ሰው ለሰው እንዲህ ይባባላል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ባል ለሚስት፣ ተበዳይ ለበዳይ ጭምር። መልሱ አንድ ነው፤ “አውፍ ብያለሁ፣ አንተም አውፍ በለኝ” ይባላል፣ ይታለፋል። ማንም በደሉን በስሙ አይጠራም። የደፋውን አንገት ቀና ማድረግ ነው። እኔም አፌን ስከፍት ያን ልል ነበር፤ አላህ ያውቃል። የወጣው ግን ሌላ ነው።

“የቱን?” አልኩ።

“ምን አልሽ?” አሉ ሐጂ።

“የቱን ነው አውፍ የምለው?”

የውሃ አባት ሳቃቸው አመለጣቸው። “አስተማሪ አይደለች? ፈተና ማውጣቷ ነው።”

“ልጄ” አሉ ሐጂ በለሆሳስ፣ “አውፍታ በጅምላ ነው። ደጅሽ የመጣን ሰው የቱን አይሉትም።”

“የተበደልኩት በጅምላ አይደለም ሐጂ። አንድ በአንድ ነው።” ወደ ዋርሳዬ ዞርኩ። “ስለ ቃሪያው ነው?”

“የምን ቃሪያ?”

“በየሐሙሱ በሬ ላይ የምታቆመው ሰጋቱራ ያነደደው ቃሪያ።”

“እኔ በርዎ ላይ ሰጋቱራ አላቆምኩም።”

“ወላሂ በል።”

“ወላሂ!”

ይሄኔ ከቆርቆሮው በላይ የሚስቱ ራስ ብቅ አለ። ስንት ሰዓት እዚያ ቆማ እንደነበር አላውቅም። “ጆንያዎቹ የኔ ናቸው!” አለች። “ባዶውን እንኳ የሚመልስልኝ ጠፋ እንጂ!”

ዋርሳዬ ከኔ ይልቅ ደነገጠ። “አንቺ? ምን ልታደርጊ?”

“የት ልድፋው ታዲያ? በአጥር አትወርውሩ ብለህ ያገድክ አንተ። ወንዝ ዳር የደፋ ይቀጣል ተባለ። ቤቴ በሰጋቱራ ሊዋጥ ነው። እሳቸው እንደሆነ ይወዱታል፤ ይብሉት ይተኙበት እንጃ፤ ወሰድኩላቸው!”

“ሙጫ ያለበትን?” አልኩ።

“ሙጫ ያለበት የሌለበት አለው እንዴ? ሰጋቱራ ሰጋቱራ ነው!”

በልቤ ሳመሰግን የሰነበትኩት እሱን፣ ስረግም የከረምኩትም እሱን። ሁለቱም አልደረሱትም። ስጦታም አልነበረም፣ መርዝም አልነበረም፤ ጥራጊ ነበር። ወይስ እሷ ሳታውቀው ነው ስጦታ የሰጠችኝ? ደግሞስ የእውነት ሳታውቀው ነው? ለቅሶዬ ላይ ያን ቃል የተናገረች ሴት “ወሰድኩላቸው” ስትል ምን ማለቷ ነው?

ዋርሳዬ ግን በዚህ ሁሉ ፊቱ ቀልቶ ነበር። እስከዚያች ቀን አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው አንቺ አለኝ።

“መርዝ ያመጣብኛል ብለሽ ነው ስታስቢ የከረምሽው? እኔን?”

“ዕድሜ ልኬን ስትደፋብኝ ኖረህ ምን እንዳስብ ፈለግህ?”

“እኔ እኮ የመጣሁት ስለ መሬቱ ነው! ስለ መሬቱ እንጂ ሌላ ምን በድዬሻለሁ?”

ሚስቱ ከቆርቆሮው ላይ ራሷን ቀስ ብላ አወረደች። የውሃ አባት ቃሪያውን ማየት ተዉ። ሐጂ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

“ስለ መሬቱ በድለሃታል?” አሉት።

“ማለቴ...”

“አይ፣ ሰምተናል።”

በእኛ ልማድ አውፍታ ሲጠየቅ በደል በስሙ የማይጠራው ለዚህ ነው። አንዴ ከጠሩት ወዲያ አላደረግኩም አይባልም። ምስክር ይዞ የመጣው እሱ ራሱ ነው። እስከዛሬ አጥብቄ የማስበው ይህን ነው፤ በጅምላ ሊያስብለኝ ነበር የመጣው? እኔ “አውፍ” ካልኩ በኋላ ነገ ስለ ጓሮው ብናገር “በአውፍታ ያለፈ ነው” ሊለኝ? ወይስ የእውነት ሕሊናው ወቅሶት፣ መንገዱ ጠፍቶት? አንዳንድ ቀን አንደኛው ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሌላው። ለሚያወሩት ሰዎች ግልጽ ነው፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ አልገባኝም።

ሐጂ ተነሱ። “ልምላሜ ልናይ ነበር የመጣነው። እሱ ቀደመን። ጓሮው የሷ ነው” አሉ። “በይ አሁን አውፍ በይው፣ ፀሐይዋ ሄደች።”

አየሁት። ጆሮው ሥር ሰጋቱራ ተጣብቆበታል። ባሌም እዚያው ጋ ነበር የሚጣበቅበት፤ ወንድሙን ሊያግዝ ሲሄድ። ልለው ፈለግኩ። ልለው አልፈለግኩም።

“ጓሮው እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ አውፍ ብያለሁ” አልኩ።

“አላህ አላህ!” አሉ የውሃ አባት። “አውፍታ በኪራይ!”

“እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም” አሉ ሐጂ። ግን አላስመለሱኝም። “አንቺም ጠይቂው። በጥርጣሬ ስሙን ስታነሺ ከርመሻል።”

እውነታቸውን ነው። ወደ ማንጎው እያየሁ “አውፍ በለኝ” አልኩ።

“የቱን?” አለኝ።

ሐጂ እንኳን ሳቁ። እኔ ግን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። መርዝ አመጣ ማለቴን? ባሌ ሲታመም የላከልኝን ሳልቀበል መመለሴን? ሌላም አለ፤ አልጽፈውም። እሱም መልሴን አልጠበቀም። “አውፍ ብያለሁ” አለ ወደ በሩ እየሄደ፣ ፊቱን ሳያዞር። ተናዶ ይሁን ከልቡ ይሁን ከጀርባው አይታወቅም።

የውሃ አባት መጨረሻ የወጡት ናቸው። በሩ ላይ ቆም አሉና መሬት መሬት እያዩ “ተራሽ ነገ ጠዋት ነው። ቀን” አሉኝ። ሽንኩርቱ ምን ሊሆን ነው አላልኳቸውም።

በማግስቱ የመጀመሪያዬን ጾም ይዤ ቦዩን ከፈትኩ። እንደ ድሮው ውሃው መሬት ላይ እያብለጨለጨ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ጉዝጓዙ ሲገባ ግን ጠፋ፤ በእንጨቱ ሥር ሥሩን ይሄዳል፣ አይታይም። የትኛው ማንጎ እንደደረሰው፣ የትኛው እንደቀረው ለማወቅ በየዛፉ እየተንበረከኩ እጄን ማስገባት ነበረብኝ።